መልስ፦ ጽዳትን ከስፖርት ጋር ማያያዝ

«የሰፈር ጽዳት ስንጠራ ሰው አይመጣም፤ ከስፖርት ጋር ብናያይዘውስ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አያይዘው ወንድሜ፣ ይሠራል። ስዊድን ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጀመረው «ፕሎጊንግ» ይኸው ነው፤ እየሮጡ ቆሻሻ መልቀም። ጎንበስ ቀና ማለቱ ራሱ ሰውነት ያፍታታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አንድ ሰዓት ፈጠን እያሉ መልቀም ከሲሶው በላይ ይሸፍናል። መሮጥ የማይችሉትም በእርምጃ ይከተሉ፤ እናቶችና አባቶች ካልመጡ የሰፈር ነገር አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን ጆንያውን ማን፣ መቼ እንደሚያነሳው ቁረጡ። እኛ ይህን ረስተን የለቀምነው ሁሉ መንገድ ዳር ሦስት ቀን አደረ፤ ውሻ ዘረገፈው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሹ ሰው ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጓንት የግድ ነው፤ ሣር ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ አይታይም። ፕላስቲኩን ለብቻው ያዙ። ውስጡ ውኃ የቀረ ጠርሙስ ጆንያውን ስለሚያከብደው ክዳኑን ከፍታችሁ ድፉት፣ ጨፍልቁትና አስገቡ። መርፌ ካያችሁ ልጆች እንዳይነኩት፤ ትልቅ ሰው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይክተተው።

ቀኑን አትቀያይሩ። በወር አንዴም ቢሆን ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ይሁን።