ፕላኑን ማን ይሳልልኝ?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ 200 ካሬ ቦታ አለኝ፤ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ልሠራበት አስቤያለሁ። ወንድሜ አውቶካድ (በኮምፒውተር ፕላን መሳያውን) የሚችል ልጅ አገኘልኝ። «አርክቴክቸሩንም ስትራክቸሩንም እኔው እጨርሳለሁ፣ ማህተምም አስመታለሁ» ይላል። ዋጋው ቢሮዎቹ ከሚጠይቁት ግማሹን አይሞላም። ላሠራው? ችሎታውንስ በምን ልወቅ?
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁን አያባርሩት፤ «እኔው እጨርሳለሁ» ያለውን ግን አይቀበሉት። እኔም እንጀራዬ ድራፍቲንግ ነው። በትሬሲንግ ወረቀት ጀምሬ (ያኔ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቅ ነበር) ኮምፒውተር ላይ ደርሻለሁ። የእኛ ሥራ ሌላው የወሰነውን አጥርቶ መሳል ነው። ኮለኑ ስንት በስንት ይሁን፣ ፌሮው ባለ 14 ይሁን ባለ 16 የሚለውን አፈሩን አይቶ ጭነቱን ያሰላ መሐንዲስ ይወስነዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ማህተሙ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ፣ ቁመቱ ከ12 ሜትር ያልበለጠ ጂ+2 መኖሪያን «ለ» ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ዲዛይኑም የተመዘገበ ባለሙያ ይፈልጋል። ፈራሚው ቦታዎን ረግጦ የማያውቅ ማህተም አከራይ ከሆነ ነገ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ቢሰነጠቅ ማንን ይጠራሉ? ፈራሚውን በአካል ያግኙት፤ የታደሰ የሙያ ፈቃዱንም ይዩ።

ወደ ልጁ ችሎታ ልምጣ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀቱን ይጠይቁት፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። ምናልባት ያማረ ስሪ ዲ ያሳይዎት ይሆናል፤ በረንዳው ላይ አበባ፣ ግቢው ውስጥ አዲስ መኪና። እሱን ይለፉትና በደረጃው ላይ የተቆረጠውን ሴክሽን (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከጎን ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) ይጠይቁት። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ 17 ሳንቲ የሚነሳ 18 እርከን ይመጣል። ደረጃው መሀል ላይ የሚዞር ከሆነ በአንድ በኩል 9 እርከንና 8 መርገጫ ይኖራል (ዘጠነኛው እርከን ማረፊያው ላይ ያወጣል)፤ መርገጫው 30 ሳንቲ ሲሆን 2.40 ሜትር፣ 1.20 ማረፊያ ሲጨመር 3.60 ነው። ፕላኑ ላይ ለደረጃ የተተወው 2.80 ከሆነ ልጁ መስመር አሰመረ እንጂ አልቆጠረም። ሳይት ላይ ፎርማኑ መርገጫውን ያጠበዋል፤ እናትዎም ሲወርዱ ተረከዛቸው አየር ላይ ይቀራል። የክፍሎቹን ልኬት ከነግድግዳቸው ደምረው ከውጭኛው ልኬት ጋር ያስተያዩ። የታችኛው ወለል ኮለን ላይኛው ላይ በዚያው ቦታ መኖሩንም ይመልከቱ። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አርክቴክቱንና መሐንዲሱን እርስዎ ይቅጠሩ፣ ልጁ በእነሱ ሥር ይሳል። ወጪው ከተነገረዎት ይጨምራል፤ ግን ከስምንት ሜትር ከፍታ ላይ ሶሌታ ከማፍረስ ይረክሳል። ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ የግንባታ ፈቃዱ ሲወጣ እንደሚከፈል ያስገቡ፤ ፒዲኤፍ ብቻ ሳይሆን የአውቶካዱን ፋይልም ይቀበሉ፣ ግንባታው መሀል አንድ በር ልቀይር ሲሉ ያስፈልግዎታል።