ጥያቄ፦ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፣ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ገና ነው፤ በማታ ዲግሪ መመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም፤ መጀመሪያ ሲኦሲውን እለፍ። ከኮሌጁ የያዝከው የኤሌክትሪክ ወረቀት መሠልጠንህን ነው የሚያሳየው፤ ለዲግሪ መግቢያ የሚታየው የደረጃ 4 ብቃት ምዘናው ነው። ደረጃ 3 ሲኦሲ ካለህም አይበቃም።

1. ለምዘናው ተመዝገብ። የጽሑፍ ፈተናው ቀላል ነው፤ የተግባሩ ላይ ግን የኮንታክተርና የታይመር (የኤሌክትሪክ ማብሪያና ጊዜ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች) አገጣጠሙን እጅህ እስኪለምደው ሥራው። ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።
2. ስታልፍ የሲኦሲ ሰርተፊኬትህን ኦሪጅናልና ትራንስክሪፕትህን ይዘህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ሬጅስትራር ሂድ፤ የዘንድሮውን መስፈርት ከማስታወቂያ ሰሌዳው አንብብ፣ ከደላላ አትጠይቅ።

«ክፈልና ጀምር፣ ሲኦሲውን በኋላ ታመጣለህ» የሚልህን ኮሌጅ ግን አትስማ። አንዲት የማውቃት ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር እንዲያ ገብታ ተመረቀች፤ ሥራ አግኝታ ዲግሪዋ ለማጣራት ሲላክ «በምን ገባሽ?» ተባለች። የከፈለችውን የመለሰላት የለም።