የአሎይ ቸርኬ ዕድሳት በቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የቸርኬዬ ጠርዝ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋር ተፋትጎ ተልጧል። ራሴ ልሥራው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው?

መልስ፦ ጭረቱ ከ1 ሚሊሜትር ገደማ የማይጠልቅ ከሆነ ራስዎ ይሠሩታል። መጀመሪያ ግን ቸርኬውን ያውልቁና የውስጥ ጎኑን ጭምር በሳሙና ይጠቡት። ሲደርቅ ክንዶቹ ከመሃሉ የሚነሱበትን ቦታና የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በባትሪ መብራት በጎን እያበሩ ይዩ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ካገኙ ያ ቸርኬ መኪና ላይ አይመለስም። ስንጥቅን በስቱኮና በቀለም መሸፈን ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ የተጣመመውን በጋዝ አሙቄ በመዶሻ ባቃናውስ?

መልስ፦ አይሆንም። አብዛኛው አሎይ (የአሉሚኒየም ቅይጥ) ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተመጠነ ሙቀት ነው። ነበልባል ሲነካው ያ ቦታ ይለሰልሳል፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም።

ጥያቄ፦ የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥርና የአሠራሩን ቅደም ተከተል ቢነግሩን? ስቱኮ የሚገባው ከፕራይመር (ከቀለም በፊት ከሚረጨው ሥረ ሽፋን) በፊት ነው በኋላ?

መልስ፦ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ከመፈግፈግዎ በፊት ቅባቱን ያስወግዱ። ቅባት ሳይለቅ ከተፈገፈገ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ የተላጠውን ጠርዝ በ120 ቁጥር አስተካክለው በ240 ያለስልሱ። አሮጌው ቀለም ከባዶው ብረት ጋር የሚገናኝበትን መስመር ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ይዳስሱ፤ እርከን ከተሰማዎት ከቀለሙ በላይም ይታያልና በ400 ያጥፉት።

ስቱኮው ለአሉሚኒየም የሚሆን ዓይነት ይሁን፤ በተፈገፈገ ባዶ ብረት ላይ በስሱ ይቀቡት። ብረት የሚነክሰው አሲድ ያለበት ፕራይመር ከሥሩ ካለ ስቱኮው በደንብ አይጠነክርም፤ ቆይቶም ይነሳል። ስለዚህ ስቱኮ፣ ፍግፈጋ፣ ከዚያ ፕራይመር። የፕራይመሩን ዓይነት ግን ከቆርቆሮው መመሪያ ጋር ያስተያዩ፤ አሲድ ያለበት ለባዶው ብረት ጥሩ ነው፣ ስቱኮ ላይ መረጨት የማይፈቀድለትም አለ። እንዲህ ከሆነ ለሁለቱም የሚስማማ ኢፖክሲ ፕራይመር ይምረጡ። ሲደርቅ በ600 ውሃ እያስነኩ ያለስልሱትና ቀለሙን ያስከትሉ።

ደረቅ ሲፈገፍጉ የአፍንጫ መሸፈኛ አይለይዎት። የአሉሚኒየም ብናኝ ተቀጣጣይ ስለሆነ ብረት እየተቆረጠ ፍንጣሪ በሚበተንበት ቦታ አይሥሩ። የብረት ሽቦ ብሩሽም አይጠቀሙ፤ ቅንጣቶቹ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክተው ቆይተው ያዝጋሉ።

ጥያቄ፦ በረጨሁ ቁጥር ቀለሙ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ቀለሙ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ሲሊኮን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጎማ ማብረቅረቂያ ነው። ደጋግሞ መርጨት አያድነውም። ሲደርቅ ፈግፍገው ያንሱት፣ ለቀለም ሥራ በሚሆን የቅባት ማስወገጃ በአንድ ጨርቅ አርጥበው ፈሳሹ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ አረጫጨቱስ?

መልስ፦ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ስስ ስስ አድርጎ 3 ዙር፤ በየዙሩ መካከል 10 ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያው ዙር ሥሩን ሙሉ በሙሉ ባይሸፍን አይጨነቁ፤ ለመሸፈን የሚጣደፍ ሰው ነው ቀለም የሚያንጠባጥበው። በመጀመሪያ የክንዶቹን ጎንና ጥጋጥጉን፣ በመጨረሻ ፊቱን ይርጩ። ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው መልክ የለሽ ሽፋን) ሀርድነር፣ ማለትም ማጠንከሪያ፣ ያለው ቢሆን ነዳጅንና የፍሬን ብናኝን የተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ጭሱ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ይጎዳልና በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መከላከያ ከሌለዎት ሀርድነር የሌለውን ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ጎማውን ሳላስወጣ መቀባት ይቻላል?

መልስ፦ ፊቱን ብቻ ከሆነ አዎ። ነፋሱን አስተንፍሰው በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ጠንካራ ካርዶች እየደራረቡ ዙሪያውን ይሰኩ። ከፕላስተር የተሻለ ያጠራል።

ጥያቄ፦ የማይቀባ ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ በጣም አስፈላጊ ነው። ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው አካል) ላይ የሚያርፍበት ጀርባና ብሎን ወይም ዳዶ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ክቦች ባዶ ይሁኑ። እዚያ ያለ ወፍራም ቀለም ሲነዱ ይጨፈለቃል፣ ብሎኑም ይላላል። ጎማው ገጥሞ አየር የሚይዝበት ቀለበትም ዝገቱ ይጽዳ እንጂ ቀለም አይከመርበት፤ ቀስ እያለ ነፋስ የሚያጎድለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ፊቱ በቶርኖ ተልጦ የሚያብረቀርቀው ዓይነት ነው። ከክሊሩ ሥር ነጭ ትል የመሰለ መስመር ወጥቶበታል።

መልስ፦ እርጥበት ከክሊሩ ሥር ገብቶ አሉሚኒየሙን እየበላው ነው። ያንን መልክ በእጅ መመለስ አይቻልም፤ ቶርኖ ይጠይቃል፤ በተላጠ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ይሳሳል። ቤት ውስጥ ያለው አማራጭ መስመሩ እስኪጠፋ ፈግፍጎ ሙሉውን ቀለም መቀባት ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ልግጠመው?

መልስ፦ ቢያንስ 24 ሰዓት፤ ጎማ በማሽን የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ቢቆይ ቀለሙ አይላጥም። ባላንስ ያሠሩ። ብሎኖቹን በተሻጋሪ ቅደም ተከተል፣ በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው መጠን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይፈትሹ።