ቡችላን ሳጥን ስለማልመድ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አዲስ ቡችላ ያመጡ ሰዎች በዝተዋል፤ ጥያቄዎቹም ተቀራራቢ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ሳጥን የምለው በር ያለውን የሽቦ ወይም የፕላስቲክ የውሻ ማደሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻን ሳጥን ውስጥ መዝጋት ጭካኔ አይደለም?

መልስ፦ ቀኑን ሙሉ ከዘጉበት ነው። በልኩ ከተጠቀሙበት ግን የራሱ ጓዳ ይሆንለታል። ቡችላ ከ24 ሰዓት ውስጥ 18 ያህሉን ይተኛል፤ ልብ ብለው ካዩትም ማንም ሳይነግረው አልጋ ወይም ወንበር ሥር ገብቶ ነው የሚጋደመው። አጥፍቷል ብለው በቁጣ ያስገቡት ቀን ግን ጓዳነቱ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ስለሚያድግ ብዬ ትልቅ ሳጥን ገዛሁለት። አንዱ ጥግ ይሸናል፣ ሌላው ጥግ ይተኛል።

መልስ፦ መኝታ ከነመጸዳጃው ሰጥተውታላ! ውሻ በተኛበት መሽናት አይወድም፤ ሥልጠናው የሚሠራውም በዚህ ነው። ቆሞ የሚዞርበት፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ይበቃዋል። ሳጥኑን በመከፋያ ያጥብቡት፤ ሲያድግ መከፋያውን ወደ ኋላ ይግፉት።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ አልገባ አለችኝ። ገፍቼ ሳስገባት ታለቅሳለች።

መልስ፦ መግፋቱን ዛሬውኑ ይተዉት። በሩ ተንኳኩቶ እንዳያስደነግጣት ከፍተው በገመድ ይሰሩት። ምግቧን መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ ቀጥሎ እልፍ አድርገው፣ በመጨረሻ ከውስጠኛው ጥግ ያስቀምጡላት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔ ያየሁት ግን በበላበት ሲተኛ ነው።

ዓይንዎ የኋላ እግሮቿ ላይ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቷን አስግጋ ትለቅማለች፤ የኋላ እግሮቿ ግን ለሽሽት ተዘጋጅተው ውጭ ይቀራሉ። እነሱም ሳያንገራግሩ ሲገቡ ያን ጊዜ በሩን ይንኩ። እየበላች ሳለ ይዝጉት፣ በልታ ሳትጨርስ ይክፈቱት። በማግስቱ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ እርስዎ ከክፍሉ ወጥተው መመለስ። በቀናት የምትለምድ አለች፣ ሳምንታት የሚፈጅባትም አለች።

ጥያቄ፦ ሌሊት ያለቅሳል። ዝም ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ሳጥኑ የት ነው? ሳሎን ብቻውን ከሆነ፣ ከእናቱና ከወንድሞቹ ገና መለየቱን ያስቡ። አልጋዎ አጠገብ ያድርጉት፤ ጣትዎን በሽቦው መሃል ሲሰዱለት አሽትቶ ይረጋጋል። የ2 ወር ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ ሽንቱን መያዝ አይችልም። ያውጡት፣ ያሽኑት፣ ያለ ጨዋታና ያለ ወሬ ይመልሱት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቢነጫነጭ ይታገሡት። ለሃጩን እያዝረበረበ ሽቦውን የሚነክስ ከሆነ ግን ፍርሃት ይዞታል፤ ያውጡትና ልምምዱን እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ለ8 ሰዓት ሥራ እሄዳለሁ፤ ቡችላው 3 ወሩ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። በግርድፉ በዕድሜው ወር ላይ አንድ ይደምሩ፦ ለ3 ወር ቡችላ ቢበዛ 4 ሰዓት። ይህም ጣሪያው ነው እንጂ የየቀኑ ልክ አይደለም። መሃል ላይ የሚያወጣው ሰው ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የአንገት ቀበቶውን ላውልቅ?

መልስ፦ ሁልጊዜ። የመጀመሪያዋ ቡችላዬ ቀበቶ በሽቦው ተጠልፎ ስትታገል የደረስኩት በአጋጣሚ ነው፤ ቤት ባልኖር ታንቃ ትሞት ነበር።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ ልኩ ነው፣ ብዙም አይቆይም፣ ግን ይሸናል።

መልስ፦ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ከሆነ ማጽጃዎን ይመርምሩ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽንት ሽንት ስለሚሸት «ቦታው እዚህ ነው» ያሉት ያህል ነው። የሽንቱን ርዝራዥ አፍርሶ ሽታውን የሚያጠፋ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ ሽንቱን መያዝ ሲችልና ጫማ ማኘክ ሲተው በሩን መዝጋት ያቁሙ፤ ሳጥኑን ግን አያንሱበት። የእኔዋ አሁን 6 ዓመቷ ነው፤ በሩን ነቅዬ ከጣልኩት ቆይቷል። ይህን ስጽፍም እዚያው ተኝታለች፣ የኋላ እግሮቿን በደጃፉ ወደ ውጭ ዘርግታ እያንኮራፋች።