«ፊደልሽ ወደ ግራ ያዘነብላል አሉኝ»፦ ስለ እጅ ጽሑፍና ስለ ባሕርይ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስጽፍ፣ አመልካቾችን «አንድ ገጽ በእጃችሁ ጻፉ» ብለው ጸባያቸውን ከፊደላቸው ለማንበብ የሚሞክሩ ቀጣሪዎች እንዳሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። በዚያች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ብዙ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሳነባቸው ቆጨኝ። ሰው በፊደሉ ቅርፅ ሥራ ሲከለከል፣ እጮኛው ሲጠረጠርበት እንደ ቀላል ነገር ማለፌ ልክ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ ጥያቄ ነው።

«ለሒሳብ ሠራተኛነት ተወዳድሬ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። መጨረሻ ላይ ስለ ራሴ አንድ ገጽ በእጄ አስጻፉኝ። ከሳምንት በኋላ ‹ፊደሎችሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ከሰው የምትሸሺ ነሽ› ብለው መለሱኝ። እኔ ግራኝ ነኝ። ይህ ነገር ሳይንስ ነው?» (ሥራ ፈላጊ)

አይደለም እህቴ። ግራኝ ሰው ወረቀቱን የሚያስቀምጥበትና እጁን የሚያጥፍበት መንገድ ብቻውን ፊደሉን ሊያዘነብለው ይችላል። አንቺን ሳያውቁ ስለ አንቺ ፈረዱ፤ በጣም አዝኛለሁ።

ነገሩ ግራፎሎጂ ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው፦ ጣሊያናዊው ካሚሎ ባልዲ ከደብዳቤ ተነስቶ የጸሐፊውን ጸባይ ስለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1622 መጽሐፍ አሳትሟል። ስሙን ያወጣለት ግን ፈረንሳዊው ቄስ ዣን-ኢፖሊት ሚሾን ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ ማኅበር አቋቁሞ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ምልክት አንድ ጸባይ መደበለት። ወደ ቀኝ ያዘነበለ ተግባቢ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ዝምተኛ፣ መሥመሩ ሽቅብ የሚወጣ ተስፈኛ፣ ፊደሉን የሚያገዝፍ ራሱን የሚያገዝፍ፣ እያለ ይቀጥላል።

ይህ ለምን እውነት እንደሚመስለን ልንገርሽ። እኛ ራሳችን ሰውን «ቀና» ነው፣ «ጠማማ» ነው እንላለን። ስለ ጸባይ የምንናገርባቸው ቃላት ከመሥመር ቅርፅ የተዋስናቸው ናቸው። አንድ ሰው መጥቶ «መሥመሩ ጠማማ የሆነ ሰው ጠማማ ነው» ሲለን ጆሯችን ወዲያው ይቀበለዋል፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል። የቃላት መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሲፈተሽስ? ኤፍራት ኔተርና ጌርሾን ቤን-ሻኻር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 በዚህ ላይ የተሠሩ 17 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። የጽሑፍ ተንታኞች የአንድን ሠራተኛ ስኬት በመተንበይ ስለ ግራፎሎጂ ምንም ካልተማሩ ሰዎች የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ሌላም ነገር ታየ። ጸሐፊው ስለ ራሱ ሕይወት ሲጽፍ ግምቱ ትንሽ ይሳካል፤ ጽሑፉ ስለ ጸሐፊው ምንም የማይናገር ሲሆን ግን ያቺ ትንሽ ስኬት ትጠፋለች ማለት ይቻላል። ተንታኙ የሚያነበው ሰውየው ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራው የጻፈውን ነው እንጂ የፊደሉን እግር አይደለም። አንቺንም ስለ ራስሽ እንድትጽፊ እንዳደረጉሽ ልብ በይ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ያልተቀበሉሽ በምን መለኪያ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ የፈተና ውጤትሽንም አስታውሻቸው። ግራፎሎጂ ስሙን ባገኘባት ፈረንሳይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ የወጣ ሕግ፣ አመልካች በምን ዘዴ እንደሚመዘን አስቀድሞ እንዲነገረውና ዘዴውም ለሥራው አግባብ ያለው እንዲሆን ያዛል። ሌላ ቦታ የእጅ ጽሑፍ ሲጠይቁሽም «ለምን ትፈልጉታላችሁ?» ማለት ነውር የለውም።

«እኔ ግን ተንትነውልኝ ልክ ልኬን ነገሩኝ። ‹ከላይ የተረጋጋህ ትመስላለህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል፤ ገና ያልተጠቀምክበት ትልቅ ችሎታ አለህ፤ ሰው እንዲወድህ ትፈልጋለህ› አሉኝ። ባያውቁበት ኖሮ እንዴት ይሄን ያህል ያገኙት ነበር?» (የተደነቀ አንባቢ)

እስቲ የላኩልኝን ቃላት መልሰው ያንብቧቸውና «ይህ የማይመለከተው ሰው አውቃለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። እኔንም ልክ ልኬን ነግረውኛል። ጎረቤትዎንም እንዲሁ።

በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጸባይ ፈተና ሰጠ። ከዚያም «ይህ የየግል ውጤታችሁ ነው» ብሎ ወረቀት አደላቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ፎረር ዓረፍተ ነገሮቹን የቃረማቸው በየመንገዱ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። እርስዎ የላኩልኝ ደግሞ ከዚያ ወረቀት ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ መረጋጋቱ፣ ውስጥ ውስጡን መጨነቁ፣ ያልወጣው ችሎታ፣ የመወደድ ፍላጎቱ ሁሉ እዚያ አለ።

ተንታኙ አታሎኛል ብለው አያስቡ፤ ብዙዎቹ በሚሠሩት ከልባቸው ያምናሉ። ደንበኛው «ልክ ነህ!» እያለ በተሰናበተ ቁጥር እምነታቸው ይጠነክራል። መሞከር ከፈለጉ ከአራት ጓደኞችዎ ጋር ሆነው አምስታችሁም አንድ ዓይነት ጽሑፍ በየእጃችሁ ገልብጡና አስተንትኑ። ውጤቱ ሲመጣ ስሞቹን ሸፍናችሁ ቀላቅሉት፤ ከዚያ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ፈልጉ። የመጀመሪያውን ሲያነቡ «ይህ የእኔ ነው» ይላሉ። ሁለተኛውም የእርስዎ ይመስልዎታል።

«እጮኛዬ የጻፈልኝን ደብዳቤ ለጓደኛዬ አሳየኋት። መሥመሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፣ ፊርማው ስለማይነበብ የሚደብቀው ነገር አለው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።» (እጮኛ)

ዛሬ ማታ መሥመር የሌለው ወረቀት ያዢና አንድ ዓረፍተ ነገር ጠረጴዛ ላይ ጻፊ። ያንኑ ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ድገሚው፤ ከዚያ ደግሞ ቆመሽ፣ እየቸኮልሽ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ የሦስት ሴቶች ጽሑፍ ይመስላል። ክንድ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ሲደርስ መሥመሩ ቁልቁል መውረዱም የተለመደ ነው። ፊርማ ደግሞ በተደጋገመ ቁጥር እየተፍታታ ይሄዳል፤ በቀን ሃያ ወረቀት የሚፈርም ሰው ፊርማው እንዲነበብለት አይጨነቅም።

በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እሱ ምን ብሎ እንደጻፈልሽ አንድም ቃል አልነገርሽኝም። እሱን አንብቢ፤ የከበደሽ ነገር ካለም ቀጥታ እሱን ጠይቂው።

«ፍርድ ቤት የእጅ ጽሑፍ ምርመራን በማስረጃነት ይቀበላል አይደል? ታዲያ ይህን ውሸት ማለት እንዴት ይቻላል?» (የሕግ ተማሪ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። የሰነድ መርማሪ የሚጠይቀው «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ነው፤ ግራፎሎጂ ደግሞ «የጻፈው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ያስተያያል፦ የፊደል አጣጣሉን፣ ብዕሩ የተነሳበትንና ያረፈበትን ቦታ፣ ቀለሙንና ወረቀቱን። ልክ ሆነ ስህተት፣ ውጤቱን መፈተሽ ይቻላል።

እሱም ቢሆን ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ደግሞ ሰው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ምክንያት በስለላ ተከሰሰ። ከመስካሪዎቹ አንዱ የፖሊስ የመለያ ክፍል ኃላፊው አልፎንስ ቤርቲዮን ነበር። ጽሑፉ ከድሬይፉስ ጽሑፍ በሚለይበት ቦታ ሁሉ «ሌላ ሰው የእሱን እጅ አስመስሎ የጻፈው እንዲመስል ሆን ብሎ ራሱ ጽፎት ነው» አለ። ቢመሳሰል ጥፋተኛ፣ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ። እውነተኛው ጸሐፊ ኤስተርሃዚ የተባለ ሌላ መኮንን ነበር፤ ድሬይፉስ ግን የዲያብሎስ ደሴት በሚባለው ግዞት ማቅቆ፣ ስሙ ሙሉ በሙሉ የጠራለት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። የሕግ ተማሪ ከሆንክ ይህን ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ1983 ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት ይዞት የወጣው «የሂትለር ማስታወሻ» ነው። የጽሑፍ መርማሪዎች እውነተኛ ነው ብለው ነበር። ለማስተያያ ከተሰጧቸው ወረቀቶች መካከል ግን የአስመሳዩ የኮንራድ ኩያው የራሱ ሥራዎች ነበሩ። ያጋለጠው የወረቀቱ ምርመራ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ የማንጫ ኬሚካል ተገኘበት።

«የግራፎሎጂ መጽሐፍ ገዝቼ በአማርኛ ጽሑፍ ልሞክረው ብል አልሄድልህ አለኝ። በእኛ ፊደል ይሠራል?» (ሞካሪ)

አለመሄዱ ራሱ ብዙ ይነግርሃል። መጽሐፉ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ፊደላቱ እንዴት እንደተቀጣጠሉ፣ ዋናው ፊደል ምን ያህል እንደገዘፈ፣ ጭራው ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ ይመለከታል። የእኛ ፊደል ተለያይቶ የሚቆም ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገርም የለንም። መጽሐፉ በትልቅ ቁም ነገር የሚያያት ከታች ያለችው ቀለበት በ«ቤ» እና በ«ሌ» ላይ የኃምስ ምልክት እንጂ የጸሐፊው ስሜት አይደለችም። «ባ» ቀኝ እግሩ ረዘመ፣ «ቦ» ደግሞ ግራ እግሩ። ይህ የፊደሉ ሕግ ነው፤ ማንም ሲጽፈው እንዲያ ነው። ብዕርን አጥብቆ መጫን የኃይለኛነት ምልክት ነው ይላሉ፤ በቁም ጽሕፈት ግን ቋሚው ወፍሮ አግዳሚው የሚቀጥነው በብዕሩ አቀራረፅ ነው።

ወደ ቀኝ ማዘንበል «ወደፊት መመልከት» ነው የሚለውንም ከቀኝ ወደ ግራ ወደሚጻፈው ዓረብኛ ስትወስደው ይገለበጣል። የሰው ጸባይ በሚጽፍበት ፊደል አይለወጥም፤ ስለዚህ መለኪያው የሚለካው ጸባይን አይደለም ማለት ነው።

«8ኛ ክፍል ነኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ደብተሬ ስርዝ ድልዝ ነው። መምህሬ ‹ግዴለሽ ነህ› ይለኛል። እውነት ግዴለሽ ነኝ?» (ተማሪ)

ግዴለሽ ልጅ ተጨንቆ ደብዳቤ አይጽፍም። በቃልህ ስትናገር ሐሳብህ የሚፈስ፣ ስትጽፍ ግን እጅህ የማይከተልህ፣ ቶሎ የሚደክምህና የሚያምህ ከሆነ ዲስግራፊያ የሚባል የመጻፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ይህ ከጸባይም ከጉብዝናም ጋር አይገናኝም፤ በልምምድና በእገዛ ይሻሻላል። ይህን መልስ ለወላጆችህ አሳያቸውና አብራችሁ መምህርህን አነጋግሩ።

«ፊደልን በመቀየር በራስ መተማመንን የሚያሳድግ ሥልጠና አለ ተብሎ ልመዘገብ ነው። ይጠቅመኛል?» (ተመዝጋቢ)

ገንዘብዎን ይያዙ። የፊደልን ቅርፅ መቀየር ፊደልን ያሳምር ይሆናል እንጂ ጸባይን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይልቅ የሚጽፉት ነገር ይጠቅማል። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ ከበዳቸው የሕይወት ገጠመኝ በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ቀን እንዲጽፉ አደረገ። ገጠመኙንም ስሜታቸውንም የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት አነሰ። ማንም ፊደላቸውን አላየም።

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ጽሑፏ ጎላ ያለና የሚያምር ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ እያነሰ መጣ፤ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ደህና ነው፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ በጭንቅ ነው የሚነበበው። ዘመድ ‹በእርጅናዋ ቆጣቢ ሆነች፣ ልቧም ጠበበ› ይላል። እኔ ግን አላማረኝም።» (ልጇ)

እርስዎ ልክ ነዎት። እባክዎ ይህን ሳምንት አያሳልፉት።

ጽሑፍ ስለ ሰው አንዳች ነገር የሚናገርበት ጊዜ ካለ ይህ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ጸባይ ሳይሆን ስለ ጤና ነው። እየቆየ የሚያንስና መሥመሩ ወደ መጨረሻ ሲደርስ የሚኮማተር ጽሑፍ የፓርኪንሰን ሕመም ቀደምት ምልክት ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳ ኬሚካል የሚያመነጩ ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ያጥራልም፤ ብዕር ላይ ሲሆን ፊደሉ ያንሳል። ስትራመድ አንድ እጇ እንደ ድሮው ይወዛወዛል? ድምጿስ ዝግ ብሏል? የምግብ ሽታ ይሸታታል? ልብስ ስትቆልፍ ትዘገያለች? ያዩትን ይመዝግቡ።

በእርግጠኝነት ፓርኪንሰን ነው አላልኩም። የዓይን መድከም፣ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ጽሑፍን ይለውጣሉ፤ መለየት የነርቭ ሐኪም ሥራ ነው። ከሆነም እንቅስቃሴን የሚያቀሉ መድኃኒቶች አሉ። አንድ ነገር ግን ይለዩልኝ፦ ጽሑፏ በአንድ ቀን ድንገት ከተበላሸ፣ ፊቷ በአንድ ወገን ከወረደ ወይም አንድ እጇ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት የጻፈችውን አንድ ነገር፣ ካለፈው ዓመት አንድ፣ ከዚህ ወር አንድ ይያዙ፤ ቀኑ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ሐኪሙ ፊት ሦስቱን በተርታ ያስቀምጡለት። ምን እንዳላችሁም ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።