ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፦ ጥያቄና መልስ

የመድረክ ሰው፦ ነሐሴ ጸጋዬ የተወለደበት ወር ነው። ተውኔቶቹን ከተዋንያን ጋር ሳስጠና ብዙ ዘመን ስላሳለፍኩ ስለ ሥራዎቹ የምትፈልጉትን ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ፤ በስሙ የሚዞር ጥቅስ ሁሉ የእሱ አይደለም። የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ሳትነግሩኝ "ይህን ለምን አለ?" አትበሉኝ።

የማታ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የተወለደበት ዓመት አንዱ ጋ 1928 ሌላው ጋ 1936 ይላል። የቱ ነው ትክክል?

የመድረክ ሰው፦ ሁለቱም። 1928 በእኛ፣ 1936 በአውሮፓውያን። ቦታው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። ዓመት ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ፤ እኔ የምጽፈው በእኛ ነው። ይህንንም ልብ በሉ፦ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የወደቁት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። ኋላ በተውኔት አንደበት የሆናቸው ልጅ የተወለደው በዚያው ክረምት ነው።

አንባቢው፦ ምርጥ ሥራው የቱ ነው?

የመድረክ ሰው፦ ለምን ፈለግከው? ለማንበብ ነው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው ወይስ ለመድረክ? ጥያቄህን አጥራና ተመለስ።

የሰላሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ ትምህርት ቤታችን ከ"ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት" የአቡኑን ጸሎት ሊያቀርብ ነው። ልጁ በቃሉ ይዞታል፤ ሲለው ግን ዜና የሚያነብ ይመስላል። ምን እናድርግ?

የመድረክ ሰው፦ ተባረኩ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ጸጋዬ ራሱ ያበጀው የስንኝ ምጣኔ አለ፤ "የጸጋዬ ቤት" ይባላል። ከቆዩት የግጥም ምጣኔዎች የወል ቤት 6 በ6 ቀለም፣ ሰንጎ መገን 5 በ5 ይሄዳሉ፤ የእሱ 8 በ8 ነው። አንድ ስንኝ 16 ቀለም ሆነ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ትንፋሽ ይከብዳል። ልጁ መሀል ላይ ካላረፈ መጨረሻው ላይ አየር ያልቅበትና ቤት መምቻው ይዋጣል። ዜና የሚያስመስለውም ይኸው ነው፤ ትንፋሹን ለማዳን ይሮጣል።

ቀለም ቁጠሩ ስል ፊደል ማለቴ አይደለም። ጴጥሮስ "እመ ብርሃን" ብሎ ይጣራል። ፊደሉ 6 ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን እ–መ–ብር–ሃን፣ 4 ቀለም ነው። ሳድሶቹ "ር"ና "ን" ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ያርፋሉ። ልጁ "ብ"ንና "ር"ን ለየብቻ ከጠራቸው ምቱ ይሰበራል። ስለዚህ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ሐረግ ይበል፣ ሌላው ሁለተኛውን ይቀበለው። ማረፊያው ጆሮው ውስጥ ሲገባ ብቻውን ይበለው።

ሌላው ስሜቱ ነው። ጸሎቱ በአቤቱታ ይጀምራል፤ ልጅ እናቱን "ለምን ተውሽን?" እንደሚላት ነው። ገና ቁጣ አልመጣም። ከመጀመሪያው ስንኝ የጮኸ ተዋናይ በኋላ የሚወጣበት አያገኝም። ዝቅ ብሎ ይጀምር፤ ቃሉ ራሱ ከፍ ያደርገዋል።

ፒያሳ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ሰውን ከቴአትር ያራቀው ይህ ክብደት አይደለም? የመንግሥቱ ለማ "ያላቻ ጋብቻ" እኮ ለሁሉም ይገባል፣ ያስቃልም።

ቅኔ ወዳድ፦ መንግሥቱ ለማም ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ቀልዱ ስላሳቀህ ቀላል መሰለህ።

ፒያሳ፦ ቀላል አላልኩም፤ ይገባል ነው ያልኩት። ጸጋዬን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

ቅኔ ወዳድ፦ አንብበህ ነው ወይስ አይተህ?

የመድረክ ሰው፦ እዚህ ላይ ይብቃ። ኮሜዲ ከትራጄዲ ጋር በምን ይለካል? ፒያሳ፣ "የከርሞ ሰው"ን እይ፤ የከተማ ኑሮ ነው። ጸጋዬ በዓይን ብቻ ሲነበብ ይከብዳል፤ ጮክ ብለህ ስትለው ይፈታል።

እንግዳ፦ የመጻሕፍቱ ፒዲኤፍ አለዎት?

የመድረክ ሰው፦ አልሰጥም። ቤተ መጻሕፍት ሂድ።

የማታ ተማሪ፦ የኢትዮጵያ ቴአትር መሥራች እሱ ነው ይባላል...

የመድረክ ሰው፦ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ዮፍታሔ ንጉሤ ቀድመውታል። እሱን ለማክበር እነሱን መሰረዝ አያስፈልግም።

አንባቢው፦ ሼክስፒርን ሲተረጉም ለዋናው ታማኝ ነበር?

የመድረክ ሰው፦ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን ወደ አማርኛ አምጥቷል። የትርጉም ታማኝነት የእኔ መስክ አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራንን ጠይቅ።

ቅኔ ወዳድ፦ በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን ግን የእኛ ሥነ ጽሑፍ ብለን መቁጠር ያለብን አይመስለኝም።

የመድረክ ሰው፦ "ኦዳ ኦክ ኦራክል"ን ምን ልታደርገው ነው? በእንግሊዝኛ ታተመ እንጂ መንፈሱ ከዚሁ አፈር ነው። ከኦዳው ዛፍ ሥር የሚነገረው የትንቢት ቃል ሻንካንና ኡኩቴን ያጋባል፤ በኩር ልጃቸው ግን መሥዋዕት መሆን አለበት። ሻንካ የሚገደል ልጅ እንዳይወለድ ሲል ከገዛ ሚስቱ ይርቃል። እሷ ደግሞ እናት መሆን ትፈልጋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ተውኔቱን የሚያስጨንቅ ያደረገውም ይህ ነው። ለኡኩቴ የምትሆን ተዋናይት ስትመርጡ ደካማ አትምረጡ፤ ካነሰች ጨዋታው የሻንካ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጉለሌ፦ "እናት ዓለም ጠኑ" የራሱ ድርሰት ነው? የአፍሪካ ኅብረት መዝሙርስ?

የመድረክ ሰው፦ የመጀመሪያው መነሻው የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የብሬኽት "እናት ኩራዥ" ነው። የመዝሙሩ ግጥም የእሱ ነው።

እንግዳ፦ ፒዲኤፉን በግል ቢልኩልኝስ?

የመድረክ ሰው፦ መልሼልሃለሁ።

አንባቢው፦ ስለ ፍቅር የተናገረውን ያንን ታዋቂ ጥቅስ ያብራሩልን።

የመድረክ ሰው፦ የትኛውን? ከየትኛው መጽሐፍ? መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ ነበር? ግጥሞቹን ከፈለግክ "እሳት ወይ አበባ" አለልህ፤ ከዚያ ገጽ ጠቅሰህ ና።

ጉለሌ፦ ያረፈው 1998 ነው ወይስ 2006?

የመድረክ ሰው፦ አሁንም አቆጣጠር! የካቲት 1998 በእኛ፣ ኒው ዮርክ ከተማ። የተቀበረው አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

የሰላሌ ልጅ፦ ጋሼ፣ ያሉንን ዛሬ ሞከርነው፤ ለሁለት ሲከፍሉት ወዲያው ተለወጠ። ለአቡኑ ልብስና ለመብራቱስ ምን ይመክሩናል?

የመድረክ ሰው፦ ደስ አላችሁኝ። ልብሱን አሁን አትንኩት፤ ካባ የለበሰ ልጅ ካባውን መጫወት ይጀምራል። በዩኒፎርሙ፣ በቀን ብርሃን፣ እጁን ሳያወራጭ ቆሞ ይበለው። መምህሩ ከክፍሉ ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ያድምጥና ቤት መምቻው ሳይሰማው ባለፈበት ስንኝ ሁሉ ያስቁመው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም ሲያልፍ ስለ መብራቱ ጻፉልኝ።