መልስ፦ ምልክት የሌለው ሰማያዊ የካርኒቫል ሳህን፣ የጀርመን ወይስ የስዊድን?

ወንድሜ፣ ልትገዛው ያሰብከው የካርኒቫል ሳህን (ላዩ በቀስተ ደመና ቀለም የሚያብረቀርቅ መስታወት) የየት አገር ሥራ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሰብሳቢዎች ሮዝ ጋርደን የሚሉትን ይህን የጽጌረዳ ንድፍ የጀርመኑ ብሮክዊትዝም የስዊድኑ ኤዳም የተባሉ የመስታወት ፋብሪካዎች ስለሠሩት፣ በፎቶ ብቻ ይሄኛው ነው ብሎ የሚምልልህን አትመን። የፋብሪካ ምልክት አለመኖሩም ሐሰተኛ አያደርገውም።

ገልብጠህ መቀመጫውን በጣትህ ዳስስ፤ ተሞርዶ ልሙጥ ከሆነ ለአውሮፓ ሥራ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከዚያ መቀመጫውን ወደ መስኮት አዙረህ ብርሃን አሳልፍበት። የመስታወቱ ትክክለኛ ቀለም የሚነበበው እዚያ ነው እንጂ ከላይ በሚያብረቀርቀው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ያ የቀስተ ደመና ቀለም በትኩስ መስታወት ላይ ከተረጨ የብረት ጨው የተፈጠረ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ አሞኒያና ሽቦ አታስነካው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከመክፈልህ በፊት ጠርዙን በጥፍርህ ዙረው፤ ዓይን የሳተውን ስንጥቅ ጥፍር ይይዘዋል።